ዱንጉዛ የማን ሥራ ነው?

በወላይታ ሶዶ የጊፋታ ሰሞን ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ ቀለም ያለው ልብስ ከተማውን ይሞላዋል። ዱንጉዛ ነው። ብዙዎቻችን “የሸማኔ ሥራ” ብለን እናልፈዋለን፤ ነገሩ ግን የቤተሰብ ነው። በአሜሪካ፣ በፍሎሪዳ ሴሚኖሎች ዘንድ ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥመው ልብስ የሚሰፉት ሴቶች ናቸው። እኛ ጋ የሚሸምነው ወንድ፣ የምትፈትለው ሴት ነች።

በቀድሞው አሠራር ሴቷ ጥጡን ትዳምጣለች፣ ትነድፋለች፣ በእንዝርት ትፈትላለች። ወንዱ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ድሩን በእግሩ እያፈራረቀ ይከፍታል፤ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ እየወረወረ ማጉን ያስገባል። ስፋቱ ክንዱ ከሚደርስበት ስለማያልፍ፣ ሰፊ ልብስ ሲፈለግ ጠርዝ ለጠርዝ ይሰፋል። እዚህ ላይ የሚረሳ ነገር አለ፤ መፍተል ከመሸመን ይበልጥ ጊዜ ይፈጃል። አንድ ሸማኔ ሥራ እንዳይፈታ የብዙ ሴቶች እጅ ያስፈልገዋል፤ እናት፣ ልጅ፣ ጎረቤት። የተረፈውን ክር ሴቷ ገበያ አውጥታ ስትሸጥ ገንዘቡ በእጇ ይገባ ነበር።

ዛሬ አብዛኛው ክር ከሱቅ ይገዛል። ሥራው ፈጠነ፣ ቀለሙም አማረ፣ እውነት ነው። የሴቷ ድርሻ ግን ከሒሳቡ ወጣ። በበኩሌ ይህን ማንም ሲያነሳው አልሰማሁም።

የልጁም ነገር እንዲሁ ነው። ቤት ውስጥ ከአባቱ አጠገብ ተቀምጦ ክር እያጠነጠነ ይለምዳል፤ ሲርበው እናቱ አለች። ከወላይታና ከጋሞ “ሽመና ትማራለህ፣ ትምህርት ቤትም ትገባለህ” ተብለው ወደ አዲስ አበባ ከተወሰዱት ሕፃናት ብዙዎቹ ግን ያንኑ ሙያ የያዙት ከቤተሰብ ርቀው፣ እስከ ሌሊት እየሠሩ፣ ያለ ደመወዝ ነው።