«ቻርጅ»፦ የእትዬን ወርቅ ሊያሸጥ የነበረ ቃል

እንግሊዝኛ እችላለሁ ብዬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ሰፈሩ ግን «ይችላል» ብሎ ወስኖልኛል። የመድኃኒት ወረቀት ይሁን የኤምባሲ ፎርም፣ «እስቲ ይቺን እያት» እየተባለ እኔ ጋ ይመጣል። አንድ ማታ ደግሞ ጎረቤታችን እትዬ ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መጡ።

ልጃቸው አረብ አገር በሰው ቤት ትሠራለች። በዚያ ሰሞን አሠሪዎቿ ወርቅ ጠፋብን ብለው ታስራ ነበር። የመጣው ጓደኛዋ የላከችው ስክሪንሾት ነው። ማብራሪያ የለው፣ ድምፅ የለው፤ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ብቻ፦ «ኦል ቻርጅስ ሃቭ ቢን ድሮፕድ»።

«ምን ይላል ልጄ?»

«ድሮፕ»ን አውቃታለሁ፤ መውደቅ፣ ዝቅ ማለት ናት። «ቻርጅ»ን ደግሞ ከባንክ በሚመጣልኝ ቴክስት ላይ ሁሌ አያታለሁ፤ ሰርቪስ ቻርጅ፣ የአገልግሎት ክፍያ። ላረጋግጥ ብዬ ቃሏን ብቻዋን ስልኬ ላይ ወዳለው መተርጎሚያ አስገባኋት። «ክፍያ» አለኝ። በቃ፣ ተስማማን።

«ክፍያ አለባት እትዬ፤ ግን ቀንሰውላታል» አልኳቸው።

«ስንት?»

«እሱን አልጻፉትም።»

ጓደኛዋ ጋ ብንደውል ስልኳ ዝግ ነው። እትዬ ያን ሌሊት አልተኙም። ጠዋት የእቁብ ሰብሳቢዋን «ተራዬን አስቀድሙልኝ» ብለው ለመኑ። የጆሮ ወርቃቸውን በመሃረብ ቋጥረው ሊወጡ ሲሉ ስልኩ ጮኸ። ያነሳሁት እኔ ነኝ።

«ስንት ነው የሚከፈለው?» አልኳት ጓደኛዋን።

«የምን ክፍያ? ክሱ ተነሳላት እኮ! ሊለቋት ነው!»

እትዬ እልልታውን ሲያቀልጡት እኔ የምገባበት ጠፋኝ። ልጃቸው ነጻ መሆኗ የተጻፈበትን መልእክት ይዘን ሌሊቱን ሙሉ ስናለቅስ ነበር ያደርነው። ከዚያ ወዲህ ይህችን ቃል ማሳደድ ጀመርኩ።

ዘሯ ጭነት ነው

የቃሏ መነሻ ላቲን ነው። «ካሩስ» ጋሪ ማለት ነበር፤ ከእሱ ጋሪ ላይ መጫን የሚል ግስ ወጣ፤ ግሱ በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ እንግሊዝኛ ገባ። ቦሌ የምናውቀው «ካርጎ»ም ሆነ መኪና የሚባለው «ካር» የዚችው ቃል ዘመዶች ናቸው።

ይህን ሳውቅ ነገሩ በራልኝ። ሰው ላይ ሒሳብ ስትጭኑበት ክፍያ፣ ወንጀል ስትጭኑበት ክስ፣ ሥራ ስትጭኑበት ኃላፊነት ይሆናል። በዜና የምንሰማው የኤምባሲ ጉዳይ ፈጻሚም በፈረንሳይኛው «ሻርዤ ዳፌር» ነው፤ ጉዳይ የተጫነበት ሰው እንደማለት። ጠመንጃ ውስጥ ባሩድ መጨመርም ቻርጅ ይባል ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እነ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ስለ ኤሌክትሪክ ሲጽፉ ያቺኑ ቃል ተጠቀሙባት። እና ስልካችሁን ቻርጅ ስታደርጉ በቃል ደረጃ ጋሪ እየጫናችሁ ነው።

የኛው «መጫን»ስ ቢሆን? አህያ ይጫናል፣ ግብር ይጫናል፣ አፕም ይጫናል። «አፕ ጫንኩ» ሲባል ግን ማናችንም አህያ አይታየንም። ለምን? ከጎኑ ያለው ቃል ይነግረናላ!

ጎረቤቷን እዩ

«ቻርጅ»ም እንደዚያው ናት፤ ብቻዋን ምንም አትናገርም። «ቻርጅድ ዊዝ» ካለ ከኋላው የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ወንጀል ነው፤ «ተከሰሰ» በሉት። «ቻርጅ ፎር» ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ ነው። «ኢን ቻርጅ ኦፍ» ኃላፊ፣ «ፍሪ ኦፍ ቻርጅ» በነጻ። «ቻርጅ አት» ደግሞ ተንደርድሮ መምጣት ነው፤ በሬ ከሆነ የሚመጣው ቆማችሁ አትተርጉሙ። «ፕሬስ ቻርጅስ» የሚል ካያችሁም የሚጫን ቁልፍ አትፈልጉ፤ ክስ መመሥረት ማለት ነው። የእኛዋ «ድሮፕድ» ደግሞ «ቻርጅስ» አጠገብ ስትቆም አዘውትራ የምትለው «ክሱ ተነሳ» ነው።

ተመሳሳይ ቃላት ተብለው የሚደረደሩትም ቢሆኑ እኩል አይደሉም። ገንዘቡን ብቻ እንይ። ለትምህርት ቤት፣ ለሐኪም፣ ለጠበቃ የሚከፈለው «ፊ» ነው። ለታክሲና ለአውቶቡስ «ፌር»። እንደ አዲስ አበባ–አዳማው ባለ ፈጣን መንገድ ላይ የሚከፈለው «ቶል»። ትራፊክ ሲይዛችሁ ደግሞ «ፋይን» ነው፤ ያው «ደህና ነኝ» የምንልበት «ፋይን» ራሱ።

ክሱ ላይ ልዩነቱ ይብሳል። «አኪዩዝ» ማንም ማንንም ያደርገዋል፤ ጎረቤት ጎረቤቱን፣ ሚስት ባሏን። «ቻርጅድ» ሲባል ግን ሕግ አስከባሪው በይፋ ክስ መሥርቷል ማለት ነው። «ኮንቪክትድ» እስኪባል ድረስ ደግሞ ሰውዬው ተከሳሽ እንጂ ጥፋተኛ አይደለም። ይሄ የሰዋስው ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። «ቻርጅድ» የሚል የእንግሊዝኛ ዜና አንብቦ «ወንጀለኛው» ብሎ ሼር የሚያደርግ ስንት አለ? የእትዬም ልጅ ሳትፈረድባት በሰፈር ወሬ ሌባ ተብላ ነበር።

ከእኔ ተማሩ

የእኔ ጥፋት መተርጎሚያ መጠቀሜ አልነበረም፤ ቃሏን ከዓረፍተ ነገሩ ነጥዬ ማስገባቴ ነው። ሙሉውን አስገቡ። ማን ላከው፣ ስለምን ጉዳይ ነው ብላችሁ ጠይቁ። ትርጉሙ ከታሪኩ ጋር ካልገጠመ ተጠራጠሩ፤ የታሰረች ልጅ ጉዳይ ላይ «ክፍያ ቀነሰ» ሲለኝ መጠርጠር ነበረብኝ። ፍርድ ቤት፣ ሕክምና ወይም ገንዘብ ካለበት ደግሞ ከእናንተ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ፈልጉ። «አላውቅም፣ ጠይቄ ልንገርዎት» ማለት አያሳፍርም። እኔ ያን ማታ ይህችን ብል ኖሮ እትዬ እንቅልፍ ባያገኙም ወርቃቸውን ባልቋጠሩ ነበር።

ልጅቷ አሁን አገሯ ገብታለች። የጆሮ ወርቁም እትዬ ጆሮ ላይ ነው። እኔን ግን እስካሁን አልማሩኝም። ቤታቸው ሄጄ ስልኬን ስሰካ ባዩኝ ቁጥር «ምነው ልጄ፣ ዛሬም ክስ ላይ ሰካኸው?» ይሉኛል።