ጥንካሬ ወይስ ልክ? ስለ እርሳስ አረር ምርጫ



ከሁሉ አስቀድሜ ቃላቱን ልለይ። በዕለት ንግግራችን «ጥይት» ስንል ሙሉውንም ክፍሉንም እንጠራበታለን። እኔ ግን ዛሬ ከአፈሙዝ የሚወጣውን አረር፣ ባሩዱን የሚይዘውን ቀለህ፣ ሁለቱ ተገጣጥመው የሚሆኑትን ደግሞ ጥይት እላለሁ። በአሜሪካ ብዙ የዒላማ ተኳሾች የተተኮሰውን ቀለህ እንደገና ይሞሉታል፤ አረሩንም እርሳስ አቅልጠው በቅርጽ ያወጣሉ፣ ወይም እንዲሁ የተሠራውን ይገዛሉ። የትኛው ይመረጥ የሚለው የቁሳቁስ ምሕንድስና ጥያቄ ነው፤ መልሱን የተማርሁት ግን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከስሕተቴ ነው።

በዚያው አገር ተማሪ ሳለሁ አንድ አዛውንት ጎረቤት ነበሩኝ። ጠመንጃቸውም ሪቮልቨር ሽጉጣቸውም የሚጎርሱት አንድ ዓይነት ጥይት ነበር፤ ዊንቸስተር እ.ኤ.አ. በ1882 ለ1873ቱ ጠመንጃው ያወጣው «32-20»። ጠመንጃው ንጹሕ ሆኖ ሲተኩስ በሽጉጡ በርሜል ውስጥ ግን እርሳስ እየተላከከ ዒላማ ያስታቸው ነበር። ምክር ሲጠይቁኝ፣ «እርሳሱ ለስላሳ ስለ ሆነ ነው፤ ያጠንክሩት» አልሁ።

ምክሬ ከሒሳብ አንጻር ያማረ ነበር። የንጹሕ እርሳስ ጥንካሬ በብሪኔል መለኪያ 5 ያህል ነው፤ 20 እጅ እርሳስ ከ1 እጅ ቆርቆሮ ጋር ሲቀየጥ ወደ 10 ይደርሳል፤ አንቲሞኒ የበዛበት የማተሚያ ቤት የፊደል እርሳስ ደግሞ 22 ገደማ ነው። እርሳቸውም በዚህኛው አረር ሠሩ። የተላከከው እርሳስ ባሰ እንጂ አልቀነሰም።

በመጨረሻ መለካት ትዝ አለን (መጀመሪያ ልናደርገው የሚገባን ይህን ነበር)። የሽጉጡ በርሜል ከቦይ እስከ ቦይ 0.313 ኢንች ሲሆን፣ አረሩ ወደ በርሜሉ ከመግባቱ በፊት የሚያልፍበት የሲሊንደሩ ጉሮሮ 0.310 ብቻ ነበር። 0.312 ሆኖ የተሠራው አረር በጉሮሮው ተጨምቆ ስለሚቀጥን፣ በርሜሉ ሲደርስ ሰፍቶት ይቀራል፤ የጋለው ጋዝ በጎኑ እየሾለከ እርሳሱን ይልጠዋል። ለስላሳ አረር በግፊቱ ኃይል ከሥሩ አብጦ ክፍተቱን በመጠኑ ይደፍናል፤ እኔ ያዘዝሁት ጠንካራ አረር ግን ለማበጥ እንቢ አለ። ጠመንጃው ሲሊንደር ስለሌለው፣ በርሜሉም 0.311 ስለ ነበር፣ ያው አረር በልኩ ገባለት።

ባለሙያ ጉሮሮውን ጥቂት አሰፋላቸው፤ አረሩ በ0.313 ልክ ሆኖ ከ20 ለ1 ቅይጥ ተሠራ፤ ሁለቱም መሣሪያዎች ተስማሙበት። በጠመንጃ ፍጥነቱ ሲጨምር ግን ቅይጡን ጠንከር ማድረግ፣ ወይም ከሥሩ ስስ የመዳብ ቆብ ያለውን አረር መምረጥ ተገቢ ይሆናል። ጥንካሬ ጥቅም የለውም አላልሁም፤ ከልክ ቀጥሎ የሚመጣ ነው እንጂ።

ስለ አረሩ አፍንጫ ግን ምርጫ የለም። በዚያ ጠመንጃ ጥይቶቹ በቱቦ ውስጥ አንዱ ከሌላው ኋላ ይሰለፋሉ፤ የአንዱ አፍንጫ የሚያርፈው ከፊቱ ባለው ጥይት መለኮሻ ላይ ነው። ሹል አረር በግፊያው መለኮሻውን ሊመታና ጥይቱን በቱቦው ውስጥ ሊያፈነዳ ይችላል፤ ስለዚህ አፍንጫው ጠፍጣፋ መሆን አለበት። አዛውንቱ ይህን ከእኔ በፊት ያውቁ ነበር።