ለብዙ ጊዜ የቆመ ቮልስዋገን ማርሽ አልገባ ሲል

ሁለት ክረምት ተከድኖ የቆመ አሮጌ ቮልስዋገን ሞተሩ ተነሥቶ ማርሹ እንቢ ሲል፣ ብዙ ሰው ካምቢዮው ተበላሸ ብሎ ያስፈታዋል። ለተማሪ ኪስ ይህ ቀላል ወጪ አይደለም። አስቀድሞ ሞተሩን አጥፍቶ ማርሾቹን አንድ በአንድ መሞከር ይገባል። ሞተሩ ጠፍቶ ሁሉም የሚገቡ፣ ሲነሣ ግን እየጮኹ የማይገቡ እንደ ሆነ፣ ጥፋቱ በአብዛኛው የካምቢዮው ሳይሆን የፍሪሲዮኑ ነው። ይኸውም የፍሪሲዮኑ ዲስክ በእርጥበት ዝጎ ከሞተሩ ከባድ መንኰራኵር፣ ከቮላኖው ጋር ይጣበቃል፤ ስለዚህ ፔዳሉ ቢረገጥም የሞተሩ ኃይል አይቋረጥም። (ፔዳሉ እንዲያው ልል ከሆነ ግን መጀመሪያ ገመዱ ይታይ።)

ለማላቀቅ የፊት ጎማዎች በድንጋይ ይታገዱ፤ የኋላዎቹ በክሪክ ተነሥተው መኪናው በጠንካራ ድጋፍ ላይ ይረፍ፤ ከፊቱም ሰው አይቁም። ሞተሩን አሙቆ ማጥፋት፣ 4ኛ ማርሽ አስገብቶ እንደ ገና ማስነሣት፣ ከዚያም ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻ ረግጦ ፍሬን በድንገት መያዝ ነው። አንዳንዴ ብዙ ጊዜ መደጋገም ያስፈልጋል።

ሞተሩ ጠፍቶም እጀታው ካልተነቃነቀ፣ ጥርሶቹ እንዲገጥሙ መኪናውን ጥቂት ወደ ፊትና ወደ ኋላ መግፋት፤ ቀጥሎ ከኋላ መቀመጫው ሥር ያለችውን ትንሽ ክዳን ከፍቶ የማርሹን ዘንግ መጋጠሚያ መመልከት ነው። ካምቢዮውን መፍታት ከዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል። እ.ኤ.አ. ከ1960 በፊት በተሠሩት ግን 1ኛው ማርሽ ማመሳሰያ ስለሌለው ጥቂት ቢጮኽ ጥፋት አይባልም።