እረኛ ምን አለ?

የቀደሙት ነገሥታትና መኳንንት የሕዝቡን ልብ ማወቅ ሲሹ «እረኛ ምን አለ? አዝማሪስ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ እንደነበር ሲነገር ኖሯል። ጥያቄው ብልህ ነው፤ ሰው በሹም ፊት የማይደፍረውን በእንጉርጉሮ ያወጣዋልና። ጉድለቱ እረኛው ስንቱን ሰው እንደሚወክል አለመታወቁ ነው። የዛሬው የሕዝብ አስተያየት ጥናትም የሚታገለው ከእነዚሁ ሁለት ነገሮች ጋር ነው፤ ማን ይጠየቅ? የተጠየቀውስ የልቡን ይናገራል ወይ?

በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ትልቁን ትምህርት የሰጠው እ.ኤ.አ. የ1936ቱ የአሜሪካ ምርጫ ነው። «ሊተራሪ ዳይጀስት» የተባለ መጽሔት 10 ሚሊዮን ያህል መጠይቅ በፖስታ በትኖ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበና አልፍ ላንደን ያሸንፋል አለ። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከ48 ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። አድራሻው የተለቀመው በአብዛኛው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለንብረቶች መዝገብ ነበር፤ በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና የድሃ አልነበሩም። መልስ ለመላክ የተጉትም ይበልጡን ሩዝቬልትን የጠሉት ነበሩ። የሕዝብ አስተያየት አጥኚው ጆርጅ ጋሎፕ ግን እጅግ ያነሰ ሰው ጠይቆ አሸናፊውን አወቀ። እሱም በ1948ቱ ምርጫ ተሳሳተ፤ ጠያቂዎቹ ኮታቸውን የሚሞሉት ራሳቸው በመረጡት ሰው ነበር፣ ምርጫው ሳምንታት ሲቀሩትም መጠየቅ አቆሙ። ከዚያ ወዲህ የታመነው መንገድ ዕጣ ነው። በዕጣ የተመረጡ 1,200 ሰዎች የአንድን ትልቅ አገር ስሜት በ3 በመቶ ገደማ የስህተት ወሰን ሊያሳዩ ይችላሉ።

የልቡን ይናገራል ወይ ከማለት በፊት ግን ያ የልብ አስተያየት ከየት ይመጣል ለሚለውም ብዙ ተጽፏል። ተመራማሪው ፖል ላዛርስፌልድና ባልደረቦቹ በ1940 በኦሃዮ፣ በኢሪ አውራጃ መራጮችን ለወራት ተከታትለው ያገኙት ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ከሬዲዮና ከጋዜጣ ይልቅ የሚታመን ጎረቤት ወይም ወዳጅ ቃል ይሰማል። በቡናና በእድር ለኖረ ሰው ይህ ማስረጃ አያሻውም። ጀርመናዊቷ ተመራማሪ ኤሊዛቤት ኖኤለ ኖይማን ደግሞ በ1974 ሁለተኛውን ጥያቄ የሚነካውን ዝምታን አነሳች፤ ሐሳቤ የጥቂቶች ነው ብሎ የሚፈራ ሰው አፉን ይዘጋል፣ የእሱ ዝምታ ሌላውን ዝም ያሰኛል።

በኢትዮጵያ ሁለቱም ጥያቄዎች ይከብዳሉ። ዕጣ የሚወጣው ከሕዝብ ቆጠራ ነው፤ የመጨረሻው ቆጠራ ግን የ1999 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛው ይብሳል። አፍሮባሮሜትር የተባለው የጥናት መረብ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ2013፣ የያኔው ገዢ ፓርቲና አጋሮቹ ከ547 የፓርላማ መቀመጫ 545ቱን በያዙበት ዘመን ነበር። ከ2,400 መላሾች አብዛኞቹ አገሪቱ ዴሞክራሲያዊ ናት አሉ። ተመራማሪዎቹ ሮበርት ማተስና ሙሉ ተካ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጽሑፍ መልሱ የፍርሃት ነው፣ ያለማወቅ ነው ወይስ ዴሞክራሲን በተለየ መልኩ የመረዳት ሲሉ መረመሩት። አፍሮባሮሜትር በየቃለ መጠይቁ መጨረሻ «ማን የላከን ይመስልዎታል?» ብሎ የሚጠይቀውም በከንቱ አይደለም፤ መንግሥት ልኳቸዋል ብሎ ያሰበ ገበሬ ለሹም የሚመልሰውን ነው የሚመልሰው።

እኔ ፍርሃቱ ድርሻው ትልቅ ነበር ባይ ነኝ። ከጥናቱ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል በኋላ በኦሮሚያ ለፈነዳው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 አማራ ክልል ለደረሰው ተቃውሞ መነሻ የሆነው ብሶት በአንድ ጀምበር የበቀለ አልነበረም። በ2013ም ነበረ፤ ለጠያቂ ግን አልተነገረም።