ዓይን ጥያቄን ይከተላል

ኸሽም ኤል ቂርባ ለስደተኛ ልጆች ጂኦግራፊ በማስተምርበት ወቅት፣ የአትባራን ወንዝና ገባሮቹን የሚያሳይ ካርታ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሰቅዬ «በደንብ ተመልከቱ!» አልሁና አምስት ደቂቃ ያህል ዝም ብዬ ቆምሁ። ከዚያም ካርታውን ጠቅልዬ አንዱን ተማሪ በማስነሣት ምን እንዳየ ጠየቅሁት። «መስመር» አለኝ። ሌላ የሚጨምረው አልነበረውም። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም «ዓይንህን ምን ጋረደው?» ብዬ ገሠጽሁት። ልጁ የቀረውን ክፍለ ጊዜ አንገቱን ደፍቶ አሳለፈ። ጥፋቱ የእኔ እንደ ነበረ የተረዳሁት መምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ከገባሁ በኋላ፣ ስለ አንድ የሶቪየት ሳይንቲስት ሥራ ሳነብ ነው።

ሳይንቲስቱ አልፍሬድ ያርቡስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1914 ሞስኮ ተወልዶ በ1986 ያረፈ ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት ሲመራመር የቆየው ሰው አንድን ነገር ሲመለከት ዓይኑ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ነበር።

ብዙዎቻችን ዓይን እንደ ካሜራ በፊቱ ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያነሣ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። አጥርተን የምናየው፣ ክንዳችንን ስንዘረጋ የአውራ ጣታችን ጥፍር የሚሸፍነውን ያህል ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ ዓይን ከነጥብ ወደ ነጥብ እየዘለለ፣ በየነጥቡም ሩብ ሴኮንድ ያህል እያረፈ ይሠራል። ይህችን ጽሑፍ በማንበብ ላይ ያለው ዓይናችሁም የሚጓዘው እንዲሁ ነው። ተማሪዎች ይህንን ያለ ምንም መሣሪያ ሊፈትኑት ይችላሉ። መስተዋት ፊት ቆማችሁ አንዴ ግራ ዓይናችሁን፣ አንዴ ቀኝ ዓይናችሁን ተመልከቱ። ዓይናችሁ ሲንቀሳቀስ ፈጽሞ አታዩትም፤ አጠገባችሁ የቆመው ጓደኛችሁ ግን በግልጽ ያየዋል። በዝላዩ ቅጽበት ማየት ይታፈናልና።

ያርቡስ የዓይንን ጉዞ የመዘገበበት ዘዴ የሚያስመኝ አይደለም። የተመልካቹን ዓይን በመድኃኒት አደንዝዞ፣ ሽፋኑም እንዳይከደን በፕላስተር ይዞ፣ ትንሽ መስተዋት ያላት ክዳን መሰል ነገር ዓይኑ ላይ በመምጠጥ ኃይል ያጣብቃል። ከመስተዋቷ የሚንጸባረቀው ብርሃን የዓይኑን ጉዞ በፎቶግራፍ ወረቀት ላይ ይሥላል። በሌላ ሙከራ ደግሞ፣ ምስሉ ከዓይን ጋር አብሮ እንዲንቀሳቀስ ሲደረግ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ከተመልካቹ እይታ ጨርሶ እንደሚጠፋ አሳየ።

ለመምህር ግን ትልቁ ቁም ነገር ሌላው ሙከራ ነው። ሩሲያዊው ሠዓሊ ኢልያ ሬፒን በ1880ዎቹ የሣለው «አልጠበቁትም» የሚባል ሥዕል አለ። ከግዞት የተመለሰ ሰው ድንገት ቤቱ ሲገባና ቤተሰቡ በመገረም ሲያየው ያሳያል። ያርቡስ ይህንኑ ሥዕል ለአንድ ሰው ደጋግሞ አሳየው፤ በየጊዜው የሚለወጠው ጥያቄው ብቻ ነበር። «ዕድሜያቸው ስንት ይሆናል?» ሲባል ዓይኑ ከፊት ወደ ፊት ዞረ። «ቤተሰቡ ሀብታም ነው ወይስ ድኻ?» ሲባል ወደ ልብሱና ወደ ቤት ዕቃው ሄደ። «ሰውዬው ከቤቱ ርቆ ስንት ጊዜ ቆየ?» ሲባል በመጤውና በቤተሰቡ ፊቶች መካከል ተመላለሰ። (ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ለኸሽም ኤል ቂርባ ልጆች ባቀርብላቸው፣ ብዙዎቹ ሥዕሉን ሳያዩ የሚመልሱ ይመስለኛል።) ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1965 በሩሲያኛ፣ በ1967 በእንግሊዝኛ በመጽሐፍ ወጣ።

ሥዕልን ማየት በልምድ የሚገኝ መሆኑን በሚመለከት በአገራችንም የተደረገ ጥናት አለ። ዴሬጎቭስኪ የሚባለው ተመራማሪ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሥዕል ባልተለመደበት የሜኤኒት ሕዝብ መካከል ያደረገውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1972 አሳተመ። ሰዎቹ ሥዕል ያለበት ወረቀት ሲሰጣቸው ትኩረታቸው ወረቀቱ ላይ ነበር፤ ይዳስሱታል፣ ያሸቱታል። እንስሳት ጨርቅ ላይ ተሥለው ሲቀርቡላቸው ግን አብዛኞቹ፣ ጊዜና ጥረት ቢጠይቃቸውም፣ እንስሳቱን ለይተው አወቁ። አንዳንድ ሰዎች ይህን ጥናት «ማየት አይችሉም» ለማለት ሲጠቅሱት እሰማለሁ፤ ትክክል አይደለም።

ይህንን ካነበብሁ በኋላ ያንኑ ካርታ ወስጄ ለሠልጣኝ መምህራን ሰቀልሁት። ግማሾቹን «በደንብ ተመልከቱ» ብቻ አልኋቸው። ለቀሩት ግን «እ.ኤ.አ. በ1964 በተሠራው የኸሽም ኤል ቂርባ ግድብ የሚጠራቀመው ውሃ ከየት ይመጣል?» የሚል ጥያቄ በወረቀት ሰጠኋቸው። ካርታውን ስጠቀልል ባለጥያቄዎቹ ወንዙን ወደ ላይ ተከትለው ጓንግን፣ አንገረብንና ተከዜን ጠሩልኝ፤ ተከዜ ወደ ሱዳን ሲጠጋ ሰቲት እንደሚባልም አንዷ አከለችበት። ከሌሎቹ መካከል አንድ ዲፕሎማ ያለው ሰው ተነሥቶ «ሰማያዊ መስመሮች ነበሩ» አለ። በእሱ ላይ ማንም አልሳቀም።

ያን ልጅ ዳግም አላገኘሁትም። ቤተሰቡ በዚያው ዓመት ወደ ገዳሪፍ ሄዱ ብለውኛል።