ቤት ተዘግቶበት ስለሚውለው ሕፃን

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064፣ እናቶች ልጆቻቸውን በአጠገባቸው አድርገው እንዲሠሩ በየመሥሪያ ቤቱ የሕፃናት ማቆያ እንዲዘጋጅ አዝዞ ነበር። ከዚያም ወዲህ በልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች ማቆያ መከፈቱ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ከማቆያው በር ደርሶ የሚመለስ ሕፃን መኖሩን ማሰብ ይገባል።

አንገቱን ለማጽናት የዘገየ ወይም በሦስት ዓመቱ አፉን ያልፈታ ሕፃን በመጣ ጊዜ፣ ሞግዚቲቱ «እንዲህ ያለውን መያዝ አላውቅም» ብትል አይፈረድባትም፤ ያስተማራት የለምና። እናቲቱ ግን ልጇን አዝላ ትመለሳለች። ዘመድ ያላት ለአያቱ ትተወዋለች፤ የሌላት ሥራዋን ትለቃለች፤ ሥራዋን ብትለቅ የምትበላው የሌላትም በሩን ዘግታበት ትሄዳለች። ጎረቤትም ይህን አይቶ «አፍራበት ደበቀችው» ይላል። ሐፍረትም ሆነ የእርግማን ወሬ በአገራችን መኖሩን አንክድም። ቢሆንም ቅሉ ከተዘጉት በሮች ስንቱ በሐፍረት፣ ስንቱ በእንጀራ ምክንያት እንደ ተዘጋ ሳይጠይቁ መፍረድ ተገቢ አይደለም።

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. የተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ23ኛው አንቀጽ፣ እንዲህ ያሉ ሕፃናት እንዳይደበቁና እንዳይጣሉ መንግሥታት ለልጆቹና ለቤተ ሰቦቻቸው በጊዜው ምክርና እርዳታ እንዲሰጡ ያዝዛል። የስምምነቱ ቃል እናቲቱን አይዘልፍም፤ እርዳታ ይደረግላት ይላል እንጂ።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ባጡ ጊዜ ጆይ የተባለውን ማዕከል በአዲስ አበባ አቋቁመው፣ በ2013 ዓ.ም. በሞት እስኪለዩ ድረስ ስለ ብዙ ልጆች ደክመዋል። ይሁን እንጂ ይህን ያህል ሸክም በአንዲት እናት ትከሻ ላይ መጣል አይገባም ነበር።

በማቆያዎቹ የሚያስፈልገው መሰናዶ ከአቅም በላይ አይደለም። ለአንዲት ሞግዚት የሚሰጠው የሕፃናት ቁጥር ይቀነስ። መዋጥ የሚቸግረውን ሕፃን በጀርባው አስተኝቶ ማብላት ትን እንዲለው ያደርጋልና፣ ቀና አድርጎ አስቀምጦ ጥቂት በጥቂት ማጉረስን ሞግዚቶች ከሐኪም ይማሩ። ዕድሜው አልፏል ተብሎ የሚያስወጣውም ደንብ፣ በአራት ዓመቱ ገና ላልቆመ ልጅ ሊላላለት ይገባል።

አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ሳይገባ፣ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ከሠራተኞቹ መካከል እንዲህ ያለ ልጅ ያላቸው ስንት እንደሆኑ በምስጢር ጠይቆ ቁጥሩን ይወቅ። ጥያቄውም ለእናቶች ብቻ ሳይሆን ለአባቶችም ይቅረብ።