ባዕድ ሆኖ ገብቶ ዘመድ የሆነ ተጫዋች

አንባቢዎቻችን፣ የቅርጫት ኳስ ታውቃላችሁ? በእጅ የሚጫወቱት ነው። ኳሱን ከፍ ብሎ በተሰቀለ ቀለበት ውስጥ የከተተ ነጥብ ያገኛል።

ስቴፎን ማርበሪ በዚህ ጨዋታ የታወቀ አሜሪካዊ ነው። በ1977 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለደ። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለቤተሰቡ ከ7 ልጆች አንዱ ነው። ከ1996 ጀምሮ ባገሩ ትልልቅ ቡድኖች ተጫወተ። ገንዘብም ዝናም አገኘ።

ኋላ ግን ነገር ተበላሸ። በ2007 አባቱ ሞቱ። ከአሠልጣኙ ጋር ተጣላ። ጓደኞቹ ሲጫወቱ እሱ ቁጭ ብሎ አየ። በ2009 ያገሩ ጨዋታ አበቃ። ማርበሪ አለቀለት ተባለ።

እሱ ግን በ2010 ባሕር ተሻግሮ ቻይና ሄደ። እዚያ ቋንቋውም ምግቡም ሌላ ነው። ቢሆንም ሥራውን ያዘ። በ2011 ወደ ቤጂንግ ቡድን ገባ። ቡድኑ የቻይናን ሊግ ዋንጫ አንድም ጊዜ በልቶ አያውቅም ነበር። በ2012 በላ! በ2014 ደገመ፤ በ2015 ሠለሰ።

በቤጂንግ ሐውልት ቆመለት። ከተማይቱም የክብር ዜጋ አደረገችው። በ2018፣ በ40 ዓመቱ፣ መጫወቱን ተወ።

ባገሩ ወድቆ የነበረውን ስሙን በሰው አገር በላቡ አነሣው።